የእጅ ፈቃድ

በየወሩ አንድ ጠዋት ሽንት ቤቴ አምቡላንስ ልጥራ ወይ ይለኝ ነበር። ድምፁ የሴት ነው፤ ትሑት ናት። «ደም ተገኝቷል። አደጋ ደርሶብዎታል?» ትላለች። አልደረሰብኝም እላለሁ። «እርግጠኛ ነዎት?» ትላለች። ሦስት ጊዜ እርግጠኛ መሆኔን ከነገርኳት በኋላ ውሃውን ትለቅልኛለች። ለአሥራ አንድ ዓመት በየወሩ ይህንኑ ስንባባል አንድም ጊዜ አልለመደችኝም።

ከዚያ ለባብሼ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ሶልያና እባላለሁ፤ ከደሴ ኮምቦልቻ በሚወርደው የገመድ መኪና ተቆጣጣሪ ነኝ። ጦሳ ሥር ካለው ጣቢያ ስልሳ ስልሳ ሰው የሚይዙ ሣጥኖች በገመድ ተንጠልጥለው ይወርዳሉ፤ እኔ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ አንዱ ከመነሣቱ በፊት ሌላው መድረሱን አያለሁ። ማሽኑ ራሱ ያያል፤ ሕጉ ሰው ይኑር ስለሚል ነው ያለሁት። የጣቢያው በር ስገባ ሰውነቴን ያነብባል። ደኅና ከሆንኩ ይከፈታል፤ ስኳሬ ከወጣ ወይም ከወረደ አይከፈትም፤ የዚያ ቀን ሥራም ይቀራል።

ስኳር የያዘኝ በዘጠኝ ዓመቴ ነው። የወር አበባዬ በአሥራ ሦስት ዓመቴ መጣች። ሁለቱ ከተገናኙ ወዲህ ተስማምተው አያውቁም። ልትመጣ አምስት ቀን ሲቀራት ስኳሬ ሽቅብ ይወጣል፤ ዘወትር የሚበቃኝ ኢንሱሊን አይበቃኝም። በመጣች ጠዋት ደግሞ ቁልቁል ይወርዳል፤ ትናንት ያልበቃኝ መጠን ዛሬ ይጥለኛል። መጣል ስል የምሬን ነው። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ምላስ ይተሳሰራል፤ ከዚያ መሬት ላይ ነኝ።

ኢንሱሊኑን የምትሰጠኝ ወገቤ ላይ የተለጠፈች መጋቢ ናት። የብዙ ሚሊዮን ሰው ስኳር አይታ የተማረች ብልህ መሣሪያ ናት ይሏታል፤ እውነታቸውን ነው። ያላየችው የወር አበባን ብቻ ነው። ከየት ታየዋለች? ሴት ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ክንዷ ሥር ዕረፍት የሚሏት መድኃኒት ትቀበርላታለች፤ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር ናት። ልጅ ስትፈልግ ታስወጣታለች፤ ስትወልድ ታስመልሳታለች። በዚህ መሐል ደም የሚባል ነገር አታይም። እኔም በሃያ አራት ዓመቴ አስገብቼ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እግሬ ውስጥ ደም ረጋና አንድ ወር ሐኪም ቤት ተኛሁ። ሲያወጡልኝ መዝገቤ ላይ «ዕረፍት የማይስማማት» ብለው ጻፉ። እንደኔ ያሉ ስንት ናቸው ብዬ ብጠይቅ «ቁጥር ውስጥ የማይገቡ» አሉኝ።

ሞዴስ ከሱቅ ከጠፋ ቆይቷል። የቁስል መሸፈኛ ጨርቅ በጥቅል እየገዛሁ እቤቴ እሰፋ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሙዚየም ልናይ ሄደን በመስታወት ሣጥን ውስጥ አንድ ሞዴስ ተቀምጦ አየሁ፤ «የቀድሞ ሴቶች መገልገያ» ይላል። እነሱ ፎቶ ሲያነሡት እኔ ቦርሳዬን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ። ሁለት ነበሩበት።

መጋቢዋ የማታውቀውን እኔ ስለማውቅ የእጅ ፈቃድ የሚባል ነገር ነበረኝ። ፈቃዱ ያለው ሰው መጋቢዋ ላይ ራሱ መጨመርም መቀነስም ይችላል። ሃያ ዓመት የኖርኩት በእሱ ነው። አምና ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደብዳቤ መጣ፦ «በዓመቱ ውስጥ አንድ መቶ አርባ ሦስት ጣልቃ ገብነት ተመዝግቧል። የእጅ ፈቃድዎ የሚዘጋ ስለሆነ ኅዳር ሦስት ቀርበው ያስረዱ።» መጀመሪያ ይዘጋል፣ ከዚያ ያስረዱ። ለአስተዋለው የሚያስቅ ነው፤ ለእኔ ግን ቀልድ አይደለም። እጄ ከተዘጋ በየወሩ እወድቃለሁ። ሁለት ጊዜ የወደቀ ሰው ብቻውን እንዲኖር አይፈቀድለትም፤ ክትትል ቤት ይገባል። ጎረቤቴ የነበሩ ሴትዮ ለሁለት ሳምንት ተብለው ገብተው ሰባት ዓመታቸው ነው። ይህ እንግዲህ ከወደቅሁበት ብነሣ ነው።

ደብዳቤውን እንደያዝኩ እናቴ ትዝ አለችኝ።

እናቴ ሐመልማል ኮምቦልቻ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ያኔ መጋቢ የሀብታም ነው፤ እኛ መርፌ ነበረን። መጀመሪያ የወደቅሁ ጊዜ ሐኪሙ ቁርስ ዘልላ ይሆናል አለ። ሁለተኛ ስወድቅ ልጅቷ ግድ የላትም አለ። ሦስተኛ ስወድቅ እናቴ ሐኪሙን ትታ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ታይ ጀመር።

እናቴ ቀን በቁጥር አትቆጥርም። ለእሷ የወሩ ቀን ሁሉ ባለቤት አለው፤ አሥራ ሁለት ሚካኤል፣ አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ ሃያ አንድ ማርያም፣ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ። አበባዬ በየሃያ ስምንት ቀኑ ስለምትመጣ፣ የኛ ወር ደግሞ ሠላሳ ስለሆነ፣ በየወሩ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ትሸሻለች። «ባለፈው ለጊዮርጊስ ነበረች፣ አሁን ለማርያም ናት፣ የሚመጣው ወር ለገብርኤል» ትላለች እናቴ፣ የምትወደው ዘመድ ሊመጣ ቀጠሮ እንዳለው ሁሉ። አምስት ቀን ሲቀራት መርፌው ላይ ሁለት መስመር ትጨምራለች። በመጣች ጠዋት ግማሹን ትተዋለች፤ በማግስቱ ሲሶውን፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ነበረው ትመለሳለች። መጽሐፍ ላይ አላነበበችውም። እኔን እያየች ነው ያወጣችው።

አንድ ዓመት፣ «አድጌአለሁ፣ እኔው ልቁጠር» ብዬ ተረከብኳት። ነሐሴ ለማርያም መጥታ ነበር፤ እንግዲህ መስከረም ለገብርኤል ብዬ ተዝናናሁ። እሷ ግን መስከረም አሥራ አራት ከች አለች። ትምህርት በተከፈተ በሦስተኛው ቀን፣ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል፣ ተማሪው ሁሉ እያየኝ በአፍጢሜ ተደፋሁ። ስነቃ እናቴ የሥራ ሽርጧን እንደለበሰች አጠገቤ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል። ጉንጬን እየዳበሰች «አንቺ ልጅ፣ ጳጉሜን የት አደረግሻት?» አለችኝ። አምስቷን ቀን ረስቻት ኖሯል። ከዚያ ወዲያ የእናቴ የፈረቃ ጓደኞች መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «እሺ ሶሊ፣ ጳጉሜን አገኘሻት?» እያሉ መሳቂያ አደረጉኝ።

ያኔ ሴቶች አንዷ የሌላዋን ቀን ታውቅ ነበር። «ሐመል፣ ዛሬ የልጅሽ ቀን አይደል? ደውዪላት እንጂ!» ብለው ከማሽኑ ጩኸት በላይ ይጮኹላት እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከግራሩ ሥር የሚቆሙ ሴቶች ነበሩ፤ በወር አበባ ሰሞን ወደ ውስጥ አይገባም። ለምን ውጭ እንደምንቆም ስጠይቅ የሚመልስልኝ አልነበረም፤ ንዴቱ አሁንም አልለቀቀኝም። ግን ቁርጠት በምን እንደሚታለፍ፣ የትኛው ጨርቅ እንደማያሳፍር፣ የትኛው ባል እንደማይረባ የተማርኩት እዚያ ነው። ዕረፍት ከመጣ በኋላ ሁሉም ወደ ውስጥ ገባ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። አንድ እሑድ ጥበቃው መጥቶ «እመቤቴ፣ የጠፋብዎ ዕቃ አለ?» አለኝ።

ኢክራም ደግሞ ነበረች፣ የግድግዳ ጎረቤቴ፣ የክፍል ጓደኛዬ። በረመዳን ቀኗ ሲደርስ አትጾምም፤ ወንድሞቿ እያዩ መብላት ስለምታፍር ስድስት ሰዓት ላይ በጓሮ በኩል እኛ ቤት ትገባለች። እኔ በበሽታዬ ምክንያት፣ እሷ በቀኗ ምክንያት፣ በር ዘግተን እየበላን የምንስቀው ሳቅ ጉንጫችንን ያመን ነበር። ከኪሷ ቴምር አይጠፋም፤ ለእኔ ነው። እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከኔ ቀድማ ታውቃለች፤ ምንም ሳትል አንድ ፍሬ አፌ ውስጥ ትከትታለች። በሃያ አምስት ዓመቷ ዕረፍት አስገባች። አልፈረድኩባትም፤ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ስትንከባለል አይቻታለሁ።

ቁርጠቱን ማንም አይናፍቅም። አብሮ የሚቆጥር ሰው ግን ይናፍቃል። እናቴ ከሞተች አሥራ አራት ዓመት ሆናት፤ እኔ ግን አምና ድረስ በየወሩ «ለማርያም፣ ለገብርኤል» ስል በድምፄ ውስጥ የእሷን ድምፅ እሰማ ነበር።

ኅዳር ሦስት ቀረብኩ። የፈቃድ ኮሚቴው አባላት ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል፦ ሰብሳቢው አቶ ናሆም፣ አንድ የመጋቢ ባለሙያ፣ እና ዶክተር ምዕራፍ የምትባል ወጣት ሐኪም። ግድግዳው ላይ የዓመቱን ስኳሬን ዘርግተውታል፤ አሥራ ሦስት ጉብታ።

«የምንነጋገረው ስለ ስኳርዎ አይደለም፣ ስለ እጅዎ ነው» አሉ አቶ ናሆም። «በየወሩ አምስት ቀን ጣፋጭ ይበላሉ። ከዚያ ኢንሱሊኑን ያለ ልክ ይቀንሳሉ።»

«አልበላም።»

«መጋቢዋ የጣፋጭ ምልክት ነው ትላለች።»

«የወር አበባ ነው» አልኩ።

አቶ ናሆም ስልሳ ሊሞላቸው ምንም አይቀራቸው፤ ይህን ቃል በልጅነታቸው ሰምተውታል። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወረቀታቸውን አገላበጡ። ዶክተር ምዕራፍ ግን ቀና ብላ አየችኝ። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ስለዚህ ነገር አንብባ ይሆናል እንጂ ያለባትን ሰው አይታ አታውቅም።

«ቅጹ ሦስት ምርጫ ነው ያለው» አሉ አቶ ናሆም። «ዕረፍት ላይ ያለች፣ ለልጅ ያስወጣች፣ ያረጠች። እርስዎ የትኛዋ ነዎት?»

«የትኛዋም አይደለሁም።»

«ሳይመርጡ ማለፍ አይቻልም እኮ። ይልቅ ቀላል መንገድ አለ። ማሕፀኑ ይወጣል፤ የአርባ ደቂቃ ሥራ ነው። ጉብታው ይጠፋል፣ እርስዎም ይገላገላሉ።»

«ደም ረግቶብኝ ወር የተኛሁ ሰው ነኝ።»

«አደጋው ከመቶ ሁለት ነው።»

«ከሁለቱ አንዷ እኔ ብሆንስ?»

ባለሙያው መጋቢዋ ሰውነቴን ከእኔ በተሻለ እንደምታውቀው በትሕትና አስረዳኝ። ይህን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። «ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል» አልኩት። ዶክተር ምዕራፍ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። አቶ ናሆም አልሳቁም።

«እንግዲያው ይፈተን» አልኩ፤ ተናድጄ ስለነበር ሳላስብ ነው የወጣኝ። «እጄን ዝጉት። ሐኪም ቤት አስተኙኝና መጋቢዋ ብቻዋን ትሥራ። ኅዳር አሥራ ሁለት ለሚካኤል ትመጣለች። ያን ጠዋት ስኳሬ ይወርዳል፤ መጋቢዋ በትናንቱ መጠን ትጥለኛለች። ይህ ካልሆነ ፈቃዱን በገዛ እጄ አስረክባለሁ።»

«ቀኑን እንዴት አወቁት?» አሉ አቶ ናሆም።

«ነሐሴ ለጊዮርጊስ ነበረች። ጳጉሜን ሳልረሳ ቆጥሬ ነዋ።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። እስከ ሰኞ ኅዳር አሥራ አራት ድረስ ፈቀዱልኝ።

ኅዳር ሰባት ገባሁ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ በመስኮቱ ጦሳ ይታያል። ነርሷ በየሰዓቱ እየመጣች ቁጥሬን አንብባ ትወጣለች። በማግስቱ ስኳሬ መውጣት ጀመረ፤ መጋቢዋ ጨመረች። የበለጠ ወጣ፤ የበለጠ ጨመረች። ሁሉም እንደጠበቅሁት ነበር። ቅዳሜ፣ በሚካኤል ዕለት፣ ገና ሳይነጋጋ ተነሥቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ምንም የለም። እሑድም የለም። ወገቤን በእጄ እየተጫንኩ ቁርጠት ፈለግሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ቁርጠት ለመንኩ። ሰኞም የለም።

አቶ ናሆም አልጋዬ ድረስ መጡ። አልተኮፈሱብኝም፤ እንዲያውም ያዘኑልኝ ይመስለኛል።

«መጋቢዋ ምንም ችግር አልታየባትም፣ ወይዘሮ ሶልያና።»

«ዘገየች እንጂ አልቀረችም።»

«እንዲህ ዘግይታ ታውቃለች?»

መዋሸት እችል ነበር። «አታውቅም» አልኩ።

ፈረሙ። እጄ ተዘጋ። ለክትትል እስከ ሐሙስ ቆይቼ እንድወጣ ተባለ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ፈቃዱ ብቻ አልነበረም። በአርባ አምስት ዓመቴ፣ ሰው ፊት ቆሜ በማልኩባት ወር፣ ልትሄድ ነው እንዴ የሚል ሐሳብ ገብቶብኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዶክተር ምዕራፍ ብቻዋን መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እውነት በጣም ያማል?» አለችኝ፤ እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ልጅ። ያማል አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ የእናቴን መርፌ፣ ግማሹን፣ ሲሶውን፣ ጳጉሜን። ጻፈችው። «የኔም እናት የዕረፍት ነገር ከመምጣቱ በፊት ነበራት» አለች። «አንድም ቀን አልጠየቅኋትም።»

«ጠይቂያት፣ ልጄ» አልኳት።

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የማውቀው የወገብ ሕመም ቀሰቀሰኝ። መታጠቢያ ቤት ገባሁ። መጥታለች። አምስት ቀን ዘግይታ፣ ሁሉም ነገር ካበቃ በኋላ፣ ምንም እንዳልሆነች መጥታለች። እልል ማለት አማረኝ። አፌን ስከፍት ግን ምላሴ ከብዶኛል፤ እጄን ሳየው ይንቀጠቀጣል። መጋቢዋ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሽቅብ የሚወጣ ስኳር ስታሳድድ ከርማ፣ ንጋት ላይ እስከዛሬ ያልሰጠችኝን ትልቅ መጠን ሰጥታኛለች። ቁልፉን ተጫንኩ። «ፈቃድዎ ተዘግቷል» አለችኝ። ግድግዳ ይዤ ወጥቼ ነርሷን ጠራሁ።

ዶክተር ምዕራፍ እየሮጠች መጣች። «ስልሳ ሁለት» አለች ነርሷ። «ሃምሳ አምስት።» ስኳር የበዛበት ሻይ በእጃቸው እየደገፉ አጠጡኝ። ትንሽ ቀና አልኩ። መጋቢዋም ነቃች፦ «ጣፋጭ ተገኝቷል። በማስተካከል ላይ» አለችና እንደገና ኢንሱሊን መስጠት ጀመረች። «አርባ አራት» አለች ነርሷ። ዶክተር ምዕራፍ ኮሚቴው ጋ ደወለች፤ እጄ እንዲከፈት ጠየቀች። የሚመልሰው ማሽን ነበር፤ ጥያቄዎ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ምላሽ ያገኛል አላት። «በሁለት ቀን!» ብላ ጮኸች። በዓይኔ ያየሁት የመጨረሻው ነገር፣ ስልኩን ጥላ መጋቢዋን ከወገቤ ላይ ስትገነጥላት ነው።

የቀረውን የነገሩኝ እነሱ ናቸው። ሃያ ዘጠኝ ደርሶ ነበር። በደም ሥሬ ስኳር ሰጡኝ፤ ሦስት ሰዓት ላይ ዓይኔን ገለጥኩ። ዶክተር ምዕራፍ መርፌ ይዛ አጠገቤ ቆማለች፤ ከየትኛው መጋዘን እንዳወጣቻት እንጃ፣ እናቴ ትይዛት የነበረችው ዓይነት መርፌ ናት። «ዛሬ ግማሽ ነው ያሉኝ?» አለች። ግማሽ ነው አልኳት። በማግስቱ ሲሶውን ተውን። በሦስተኛው ቀን ወደ ነበረው ተመለስን። ስኳሬ ቀጥ ብሎ ዋለ።

አቶ ናሆም የሦስቱን ቀን ቁጥር ብዙ አዩት። «እህቴ በየወሩ ከትምህርት ቤት ትቀር ነበር» አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አልታወቀም። «ሰነፍ እንላት ነበር።» ከዚያ ቅጹ ላይ አራተኛ ምርጫ እንዲጨመር አዘዙ። የእጅ ፈቃድ ለአምስት ዓመት ተሰጠኝ። ዶክተር ምዕራፍ ያለ ፈቃድ መሣሪያ ስለነቀለች የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። በመስታወት አስገጥማ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች።

ታኅሣሥ አሥር ላይ ጨርቄን ሰፍቼ፣ መጋቢዋ ላይ ለመጨመር እጄን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። ስኳሬ አልወጣም። ለቂርቆስ ትመጣለች ብዬ ነበር፤ አልመጣችም። ጥር አለፈ። የካቲት አለፈ። ፋሲካ ደርሶ አለፈ። በጳጉሜን፣ አምስቷን ቀን አንድ በአንድ ቆጠርኳት። ስኳሬ ያለ ምንም ጉብታ ተዘርግቶ ከረመ፤ በሩ በየቀኑ ይከፈትልኛል፤ ባልደረቦቼ ምን ተስማምቶሽ ነው ይሉኛል። ሞቼ የተከራከርኩበት እጅ የሚሠራው አጣ።

ባለፈው ሳምንት ዓመት ሞላት። ዶክተር ምዕራፍ ራሷ ደወለችልኝ። «እንግዲህ አብቅቷል ማለት ነው፣ ወይዘሮ ሶልያና» አለች። አመሰገንኳት። ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ጤነኛ ነኝ፤ ማንም እጄን አይዘጋውም፤ ክትትል ቤት የሚያስገባኝ የለም። ሁሉንም አገኘሁት። ግን ከእንግዲህ ቀኖቹ ሁሉ እኩል ናቸው፤ የሚጠበቅ የለም፤ በእናቴ ድምፅ የምቆጥረው የለም። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ አዳማ ልጇ ዘንድ ላለችው ኢክራም ደወልኩ።

«ሶሊ፣ ምነው ድምፅሽ?»

«ቀረች፣ ኢክራም። ዓመት ሞላት።»

«ማን ናት የቀረችው?»

«አበባዬ።»

«ያ ረቢ! ሰው ሞተ ብዬ ልቤ ወጣ እኮ!» ብላ ሳቀች። ለቅሶዬን ስትሰማ ሳቋን ተወችው። «አብሽሪ የኔ ዓለም፣ አብሽሪ። ያ ሁሉ ሥቃይ ቀረልሽ እኮ።»

«ቀረልኝ።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሟን ልጠራ ስል ተናገረች።

«የኔስ ያለች ይመስልሻል?»

«እንዴት?»

«ዕረፍቷን ሦስተኛዋን ልጄን ወልጄ ካስመለስኳት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አሁን ባስወጣት ትመጣለች? ወይስ ድሮ ቀርታለች? ወላሂ አላውቅም፣ ሶሊ። የመጨረሻዋ መቼ እንደነበረች አላውቅም። የት እንደነበርኩ፣ ማን አጠገቤ እንደነበረ፣ ምንም። እኔ ሳላይ ነው ያለፈው።»

ስትተነፍስ ይሰማኛል፤ እሷም እያለቀሰች ነበር።

«የአንቺ መቼ ነበረች?» አለችኝ።

«ኅዳር አሥራ ሰባት። ሐሙስ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ።»

«ታድለሽ» አለች ኢክራም።